«ሚ/ር» ማን ነው? ወይስ ምንድን ነው?

አንድ ባለጉዳይ ከአንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ አነበበ እንበል፤ «ቅሬታ ያለው ሰው አቤቱታውን በ10 ቀን ውስጥ ለሚ/ር ያቅርብ።» ባለጉዳዩ ፊደል የቆጠረ፣ አማርኛም አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን «ሚ/ር» የተባለው ማን እንደ ሆነ ከዚህ ጽሑፍ ሊያውቅ አይችልም። «ሚኒስትር» ከሆነ ሰው ነው፤ «ሚኒስቴር» ከሆነ ግን መሥሪያ ቤት ነው። ለሰውዬው የተጻፈ አቤቱታ ወደ ልዩ ጸሐፊው ክፍል ይሄዳል፤ ለመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደግሞ ወደ መዝገብ ቤት። ሁለቱም ቃላት በ«ሚ» ይጀምራሉ፤ ሁለቱም በ«ር» ይጨርሳሉ፤ የሚለያዩት ጸሐፊው ቆርጦ በጣለው በመካከላቸው ነው። ዐሥር ቀን ደግሞ ረጅም ጊዜ አይደለም፤ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ሲመላለሱ ያልቃል።

ቃልን አሳጥሮ መጻፍ በራሱ ነውር የለበትም። እጅ ይደክማል፤ ወረቀትም ያልቃል፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ዐርባ ጊዜ የሚመላለስን ረጅም ስም ዐርባ ጊዜ በሙሉ መጻፍ አንባቢንም ያሰለቻል። ዳሩ ግን አሳጣሪው ለአንባቢው አንድ ዕዳ አለበት፤ ይኸውም የቆረጠውን ቃል መልሶ የሚያስገኘውን ቁልፍ አብሮ መስጠት ነው። ተማሪዎችና ሥራ የጀመሩ ወጣት ሹማምንት ዛሬ የሚጽፉት ጽሑፍ አብዛኛው መጨረሻው ድረ ገጽ ስለ ሆነ፣ ይህ ዕዳ በወረቀት ጊዜ እንዴት ይከፈል እንደ ነበረና አሁን እንዴት ሊከፈል እንደሚችል መመልከቱ የሚጠቅም ይመስለናል።

አኅጽሮተ ቃልን ከፈረንጅ የተማርነው የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ድጓ የተማረ ሰው ግን ይህን ቢሰማ መሣቁ አይቀርም። በዜማ መጻሕፍት ላይ ከዋናው ጽሑፍ በላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፈው የምናያቸው ምልክቶች አኅጽሮተ ቃላት ናቸውና። እያንዳንዱ ምልክት በቃል ከሚታወቅ ከአንድ የዜማ ንባብ ተቆርጦ የወጣ ጥቂት ፊደል ነው፤ ትርጉሙም «ይህን ስፍራ ያኛው ንባብ በሚዜምበት ዜማ አዚመው» ማለት ነው። ብዛታቸው በመቶዎች ይቆጠራል። የሊቃውንቱ ትውፊት የዚህን አጻጻፍ ሥርዐት የሚሰጠው ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ሲሆን፣ ዘመኑም የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለት ከ1540 እስከ 1559 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ነው። የምልክቶቹ ቁልፍ ግን በመጽሐፉ ላይ አልተጻፈም፤ የሚገኘው በመምህሩ አፍ ነው። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ብዙ ዓመት ቆይቶ ቁልፉን በልቡ ይዞ ይወጣል። አጻጻፉ ለሚያውቀው እጅግ የቀለለ፣ ለማያውቀው ደግሞ ፈጽሞ የተዘጋ ነው። ይህም ለድጓ ቤት ጉድለት አይሆንበትም፤ ያለ መምህር ድጓ ሊያዜም የሚነሣ የለምና። የመንግሥት ማስታወቂያ ግን ብቻውን ይሄዳል፤ የሚፈታው መምህር አብሮት አይላክም።

በዛሬው አማርኛ ለማሳጠር የሚያገለግሉን ምልክቶች ሁለት ናቸው፤ ነጥብና እዝባር። ነጥቡ ብዙ አያስቸግርም። የኛ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው በአራት ነጥብ ስለ ሆነ፣ አንዱን ነጥብ ለማሳጠሪያ ለይተን ልንይዘው እንችላለን፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሕዝቦች ይህን ዕድል አላገኙም። አስቸጋሪው እዝባሩ ነው፤ አንድ ምልክት ሆኖ ሳለ ሁለት ዐይነት ሥራ ይሠራል። «ት/ቤት» ስንጽፍ ከፊተኛው ቃል አንድ ፊደል ይዘን የቀረውን ጥለናል፤ ሁለተኛው ቃል ግን እንዳለ ቆሟል። «ወ/ሮ» ስንጽፍ ደግሞ ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ ሆዱን አውጥተን ራሱንና እግሩን ይዘናል። «ም/ጠ/ሚ/ር» በሚለው ውስጥ ሁለቱም አሠራር ተደባልቋል፤ የፊተኞቹ ሁለት እዝባሮች ቃልን ከቃል ይለያሉ፤ ሦስተኛው የአንዱን ቃል ሆድ ይተካል። ይህም ሳይበቃ ይኸው እዝባር በሌላ ስፍራ «ወይም» ማለት ይሆናል፤ ቀንን ከወር ይለያል፤ የደብዳቤ ቁጥርንም ይከፍላል።

ከዚህ የሚወለደው ችግር «ሚ/ር» ብቻ አይደለም። «ሻ/» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ ሻምበል ይበል ሻለቃ ይበል አይታወቅም፤ የማዕርጉ ባለቤት ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። «ክ/» የሚለው ክፍለ ሀገርም፣ ክፍለ ከተማም፣ ክፍለ ጦርም ሊሆን ይችላል። በሰው ስም ላይ ሲደርስ ነገሩ ይብሳል። «ወ/ማርያም» ማለት ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? አንዱ ወንድ፣ ሁለተኛይቱ ሴት ናት። እዝባሩ የሰውዬውን ጾታ ሳይቀር ይዞ ሄዷል ማለት ነው። አንዱ ተማሪ በትምህርት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ገ/መድኅን»፣ በፓስፖርቱ ላይ «ገብረ መድኅን» ተብሎ ቢጻፍ፣ መዝገብ የሚያገላብጥ ሠራተኛ አንድ ሰው መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ ፊደል ከፊደል የሚያስተያይ ኮምፒዩተር ግን ይህን እንዲያውቅ ካልተሰናዳ ሁለት ሰው ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የማስመስከሩ ድካም የተማሪው ነው። (ከመጠሪያዎቻችን ሁሉ «አቶ» ብቻ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ከሁለት ፊደል ወዲያ የሚቆረጥለት የለውም።)

የነጥቡም ነገር ጨርሶ ንጹሕ ነው ለማለት አይቻልም። ከዚህ በላይ የጻፍነውን «እ.ኤ.አ.» ያስተዋለ አንባቢ መካከለኛዋ «ኤ» ከየት መጣች ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የመጣችው «ኤውሮፓ» ከሚለው ከቆየው አጻጻፍ ነው። ዛሬ ብዙው ሰው «አውሮፓ» ብሎ ስለሚጽፍ «ኤ» ባለቤት አጥታ ቀርታለች፤ አንዳንዶችም «እ.አ.አ.» ብለው ይጽፋሉ። በሌላ ወገን ደግሞ «እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር» ለማለት «እ.ኢ.አ.» የሚጽፉ አሉ። «እ.ኤ.አ.» እና «እ.ኢ.አ.» በዐይን ሲታዩ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል እግር ነው፤ በመካከላቸው ግን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። የጡረታ ወይም የውል ዘመን ለሚቆጥር ሰው ይህ ቀላል ስሕተት አይሆንም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ፤ እስካሁን ብዙ ያልተነገረለት ይመስለናል። የእንግሊዝን የራዲዮ ድርጅት ሰው ሁሉ «ቢቢሲ» ብሎ ፊደሉን ይጠራል፤ «ዩኔስኮ»ን ደግሞ እንደ አንድ ቃል ያነባል። በአማርኛም «ተመድ» ብለን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን እንደ ቃል የምንጠራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አብዛኛው የአማርኛ አኅጽሮተ ቃል በአጭሩ ተጽፎ በሙሉ የሚነበብ ነው። «ወ/ሮ» የሚለውን «ወ ሮ» ብሎ የሚያነብ ሰው የለም፤ «ወይዘሮ» ይላል እንጂ። «ት/ቤት»ንም «ትምህርት ቤት» ይለዋል። እንግዲህ አጭሩ አጻጻፍ ለዐይን ብቻ የተሠራ ነው፤ ጆሮ አያውቀውም። ስለዚህም ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ከሌላው ቋንቋ ይልቅ በአማርኛ ሙሉውን ቃል ማወቅ ያስፈልገዋል።

ወደ ድረ ገጹ እንለፍ። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ «ሃይፐርቴክስት ማርክአፕ ላንጉጅ»፣ በአጭሩ «ኤች.ቲ.ኤም.ኤል.» ይባላል። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፤ ጸሐፊው በጽሑፉ መካከል ለአንባቢ የማይታዩ ምልክቶች ያስገባል፤ ምልክቶቹም «ከዚህ እስከዚህ ርእስ ነው»፣ «ይህ አዲስ አንቀጽ ነው» እያሉ ለኮምፒዩተሩ ይናገራሉ። ቲም በርነርስ ሊ በ1994 እ.ኤ.አ. የመሠረተው የድረ ገጽ ሕግ አውጪ ማኅበር በታኅሣሥ 1997 እ.ኤ.አ. አራተኛውን የዚህን ቋንቋ ደንብ ሲያወጣ፣ ለአኅጽሮተ ቃል ሁለት ምልክቶችን ጨመረ። አንዱ «አብሪቪዬሽን» ከሚለው ቃል የተቆረጡ አራት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ቢ እና አር። (የኛ ሰው እንደ ቃል «አብር» ብሎ ቢያነባቸው የአማርኛ ትርጉም ያገኝላቸዋል፤ ቁርጡን ከሙሉው ጋር እንዲያብር ማዘዝ ነውና ሥራውንም አልሳተ።) ሁለተኛው «አክሮኒም» የሚለው ነበረ፤ ይኸውም ከፊደላት ተሰብስቦ እንደ ቃል ለሚነበበው ስም የታሰበ ነው።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ጸሐፊው ከአጭሩ ቃል በፊት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አራቱን ፊደላት ያኖራል፤ በዚያው ቅንፍ ውስጥ «ታይትል» ብሎ ሙሉውን ቃል በትእምርተ ጥቅስ ይጽፋል፤ ከአጭሩ ቃል በኋላም በመዝጊያ ምልክት ይዘጋዋል። አንባቢው የሚያየው «ሚ/ር» ብቻ ነው፤ በብዙ ማሰሻዎች ከሥሩ ነጠብጣብ መስመር ይታያል። የኮምፒዩተሩን ማውዝ ቃሉ ላይ ሲያሳርፍ «ሚኒስቴር» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ብቅ ይላል። ባለጉዳያችን ይህን ቢያገኝ ኖሮ ዐሥሩን ቀን ባላባከነ ነበር።

ነገር ግን ሁለቱ ምልክቶች ገና ከመውጣታቸው ክርክር አስነሡ። ደንቡ ራሱ «ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ» የሚለውን ከአብሪቪዬሽን፣ «ራዳር»ን ከአክሮኒም ወገን መደበ። እንግዲያው ፊደል በፊደል የሚጠራ ስም ከየትኛው ይግባ? አንድ ሰው እንደ ቃል፣ ሌላው ፊደል በፊደል የሚጠራውስ? ሊቃውንቱ ይህን ሲከራከሩ ነገሩን የቈረጠው ሰዋስው ሳይሆን ገበያ ነበረ። በዚያን ዘመን አብዛኛው ሰው ይጠቀምበት የነበረው የማይክሮሶፍት ማሰሻ እስከ ስድስተኛው ዕትሙ ድረስ «አክሮኒም»ን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ አራቱን ፊደላት አያውቅም ነበር። ስለዚህ ብዙ ጸሐፊዎች ትክክል ይሁን አይሁን ሁሉን «አክሮኒም» እያሉ ጻፉ። ማሰሻው በ2006 እ.ኤ.አ. በሰባተኛው ዕትሙ ሁለተኛውን ምልክት ተማረ፤ በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. የወጣው አምስተኛው ደንብም «አክሮኒም»ን ሽሮ አራቱን ፊደላት ብቻ አስቀረ። መልካም አደረገ እንላለን። አንባቢ የሚፈልገው የተቆረጠው ቃል ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው እንጂ የቁርጡን የዘር ሐረግ መቁጠር አይደለም።

«ደብልዩ ደብልዩ ደብልዩ» ከተነሣ አይቀር፣ ሦስቱን ፊደላት በእንግሊዝኛ ለመጥራት ዘጠኝ ጊዜ አፍ ይከፈታል፤ ሙሉውን «ወርልድ ዋይድ ዌብ» ለማለት ግን ሦስት ጊዜ ይበቃል። የማሳጠር ልማድ አንዳንድ ጊዜ እንዲህ የተገላቢጦሽ ይሠራል። «ራዳር» ደግሞ በ1940 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከረጅም ስም ቆራርጦ ያወጣው ነው፤ ዛሬ ግን ቃል ሆኖ ቀርቷል፤ ፍታልኝ የሚል አንባቢም የለም። የኛው «ወዘተ» እንደዚሁ ነው፤ «ወዘተረፈ» ከሚለው ግእዝ የተቆረጠ መሆኑን የማያውቅ ሰው እንኳ በትክክል ይጠቀምበታል። እንዲህ ያሉትን ሁሉ በምልክት እየፈቱ መሄድ ትጋት ቢመስልም አንባቢን ማድከም ነው። ቁልፍ የሚያስፈልገው ለተዘጋ በር ነው።

ለተዘጋውስ በር ይህ ምልክት ይበቃልን? አይበቃም። የመጀመሪያው ምክንያት የእጅ ስልክ ነው። ሙሉው ቃል ብቅ የሚለው ማውዝ ሲያርፍበት ነው፤ ስልክ ግን ማውዝ የለውም፤ ጣት ደግሞ መንካት እንጂ ማረፍ አያውቅም። በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ ሰውም ወደዚያ የተሸሸገ ጽሑፍ የሚደርስበት መንገድ የለውም። የድረ ገጹ ደንብ ራሱ በ«ታይትል» ብቻ መመካት እንደማይገባ ጸሐፊዎችን ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የከበደ ነው። ዐይነ ስውራን ድረ ገጽ የሚያነቡት ጽሑፉን ወደ ድምፅ በሚለውጥ መሣሪያ ነው። ከነዚህ አንዱ በ2006 እ.ኤ.አ. ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ የተባሉ ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን የጀመሩትና በነጻ የሚታደለው «ኤን.ቪ.ዲ.ኤ.» ነው፤ አብሮት የሚሠራው «ኢስፒክ ኤን.ጂ.» የተባለው የድምፅ መሣሪያም ከሚያነባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ይገኛል። ማለፊያ ነገር ነው። ነገር ግን መሣሪያው «ም/ጠ/ሚ/ር» ዘንድ ሲደርስ የሚያገኘው ፊደል፣ እዝባር፣ ፊደል፣ እዝባር ነው። እንደ አሰናዳዱ እዝባሩን በስሙ ይጠራል ወይም ዘሎት ያልፋል፤ «ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር» ብሎ ግን ከየት ያመጣዋል? በምልክቱ ውስጥ ሙሉው ቃል ተጽፎ ቢሆን እንኳ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ባለቤቱ ለይቶ ካላዘዛቸው አያነቡትም። ማየት የተሳነው የዩኒቨርስቲ ተማሪ ስለ ስኮላርሺፕ የወጣ ማስታወቂያ ከፍቶ «ማ፣ ቤ፣ ት፣ ሚ፣ ር» የሚል የፊደል ቁጥር ቢሰማ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ምን እንደ ተባለ ላያውቅ ይችላል።

ድረ ገጽ ለሁሉ እንዲዳረስ የተጻፉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይህን አልዘነጉትም፤ ዳሩ ግን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቅለውታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ አኅጽሮተ ቃል በመጀመሪያ በሚታይበት ስፍራ እንዲፈታ ሲጠይቅ ነገሩን በሦስተኛ፣ ማለት በመጨረሻ ተራ ከሚታዩት መካከል አኖረው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው መመሪያም ጥያቄውን ከሦስቱ የብቃት ደረጃዎች በላይኛው ላይ አስቀመጠው። ብዙ አገሮች በሕግ የሚጠይቁት ግን መካከለኛውን ደረጃ ነው። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ሕጉን በሙሉ ፈጽሞ አንድም አኅጽሮተ ቃል ሳይፈታ ሊኖር ይችላል። ለእንግሊዝኛ ይህ ምናልባት ይታገሡታል፤ ለአማርኛ ግን፣ የኛ አኅጽሮተ ቃል ለጆሮ የማይሰማ በመሆኑ፣ ደረጃው ዝቅ ብሎ ሊጀመር ይገባው ነበር።

እንግዲህ ጸሐፊው ምን ያድርግ ቢሉ፣ ከሁሉ የሚሻለው በጣም ያረጀው መንገድ ነው። ቃሉን መጀመሪያ በሚመጣበት ስፍራ በሙሉ መጻፍ፣ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነም አጭሩን በቅንፍ ማስከተል። ይህን ስልክም ያሳያል፤ መሣሪያም ያነባል፤ በወረቀት ቢታተምም አይጠፋም። ምልክቱ ከዚያ በኋላ ይጨመር። የሰው ስም ግን ከነጭራሹ ባይቆረጥ ይመረጣል። ማዕርግና የመሥሪያ ቤት ስም ደግሞ ገንዘብ፣ ቀን ወይም መብት በሚነገርበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ በሙሉ ይጻፍ። ስፍራ ይወስዳል የሚሉ አሉ። ቴሌግራም በቃል ቁጥር በሚያስከፍልበት ዘመን ይህ ምክንያት ይሆን ነበር፤ ድረ ገጽ ግን «ሚኒስቴር» ብሎ ለመጻፍ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። እንዲያውም ያተርፋል። አንባቢ በገጹ ውስጥ «ትምህርት ቤት» ብሎ ቃል ሲፈልግ ማሰሻው የሚያገኝለት እነዚያኑ ፊደላት ነው፤ «ት/ቤት» ተብሎ የተጻፈውን አልፎት ይሄዳል።

አራቱ ፊደላት ሙሉ ሥራቸውን የሚያገኙበት አንድ ስፍራ ግን አለ፤ እርሱም የቆዩ ሰነዶች ወደ ድረ ገጽ ሲገለበጡ ነው። አኅጽሮተ ቃል ከሚያውቁት ሰዎች ጋር ያረጃል። «ጠ/ግዛት» የሚለውን ጠቅላይ ግዛት ብሎ ሳያመነታ የሚፈታው አዛውንት ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመሥርቶ በ1994 ዓ.ም. ስፍራውን ለአፍሪካ ኅብረት ሲለቅ «አ.አ.ድ.» የሚለው አጭር ስሙም አብሮት ከአፍ ወጣ። ዛሬ አንድ የሃያ ዓመት ተማሪ «የአ.አ.ድ. ጉባኤ በአ.አ. ተከፈተ» የሚል አሮጌ ጽሑፍ ቢያገኝ፣ ሁለተኛውን አዲስ አበባ ብሎ በትክክል ከፈታ በኋላ ፊተኛውንም በዚያው መንገድ ፈትቶ «የአዲስ አበባ ድርጅት» ሊለው ይችላል። የሰነድ ገልባጭ ደግሞ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንዳሻው ሊለውጥ አይፈቀድለትም። በዚህ ጊዜ «አ.አ.ድ.» በስፍራው እንደ ተጻፈ ይቆያል፤ በምልክቱ ውስጥ «የአፍሪካ አንድነት ድርጅት» ይጻፍበታል፤ ለስልክና ለድምፅ መሣሪያ ደግሞ ከገጹ ግርጌ ላይ አጫጭሮቹ ቃላት ሁሉ ከነፍቺያቸው በፊደል ተራ ይዘረዘራሉ።